ሎሚ፣ አመድና አንዲት የታሸገች ሳንቲም

ሐረር ደርሼ ጅብ ሳላይ መመለሴን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ጉዞዬ እንደከሸፈ ቆጥረው ያዝኑልኛል። እኔ ግን የሄድኩት ጅብ ለማየት አልነበረም። የሄድኩት አንድ የፕላስቲክ ማሸጊያ ይሰበር ወይስ አይሰበር በሚለው ክርክር ላይ ለመገኘት ነው። ይህን ስነግራቸው ደግሞ ሐዘናቸው ይብሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥንታዊ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ፈሊጥ አላቸው። ሳንቲሙን ለመርማሪ ይሰጡታል። መርማሪው ደረጃ ያወጣለታል፣ ደረጃውን በወረቀት ይጽፋል፣ ከዚያ ሳንቲሙንም ወረቀቱንም ግልጽ በሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ከድኖ ያሽጋል። ከዚያ ወዲያ ሳንቲሙን የሚነካው የለም። አምና በዚህ ላይ የተሳለቅኩበት ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ሺህ ዓመት በሰው እጅ ሲዞር የኖረን ነገር እንዲህ ማድረግ ጤነኛ ሰው ሬሳ ሣጥን ውስጥ አስተኝቶ ክዳኑ ላይ «ሁኔታው ጥሩ ነው» ብሎ እንደመጻፍ ነው ብዬ ነበር። ጥቂት ሰብሳቢዎች ሰደቡኝ። ደስ አለኝ፤ በሥራዬ ምስጋና የማገኘው በዚህ መልክ ነው።

ጽሑፉን ካነበቡት አንዷ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ እሌኒ ናት። ሐረር ተወልዳ አድጋ እዚያው ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ቅድመ አያቷ ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ፤ ቤተሰቡ ከዚያ ወዲህ ከከተማዋ አልወጣም። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«አይ ፋጡማ ትዝ ይሉሻል?»

ትዝ አሉኝ። በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከእሌኒ ቤተሰብ ጋር ዕድሜ ልካቸውን የተወዳጁ የሐረሪ እናት ናቸው። «አይ» በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። በተማሪነቴ ቤታቸው በልቻለሁ።

«ልጃቸው ነስረዲን ሳንቲሟን አሸገባቸው» አለች እሌኒ። «እሑድ የወንድማቸው ልጅ ሰሚራ ታገባለች። የጻፍሽውን አነበብኩላቸው። ‹ይቺ ልጅ ትምጣና ለልጄ ትንገርልኝ› ብለዋል።»

ሳንቲሟ የአክሱም ዘመን ናት። ብር ሆና፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ የተለበጠባት። ሐረር እንዴት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም፤ ከየመን በነጋዴ መጣች ይላሉ። የአይ ፋጡማ ቤት ሴቶች ይጠብቋታል እንጂ የእነሱ ብቻ አይደለችም። በአፎቻቸው ውስጥ የምትዳር ልጅ ሁሉ በሰርጓ ቀን ግንባሯ ላይ አስራት ትውላለች። አፎቻ እንደ እኛ እድር ነው፤ ልዩነቱ ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለደስታም መድረሱ ነው። አሁን ግን ሳንቲሟ ፕላስቲክ ውስጥ ነበረች፤ ነስረዲንም አልሰብርም ብሏል። ሳትሰበር ደግሞ ግንባር ላይ አትታሰርም።

ሐሙስ

ድሬዳዋ ስወርድ የአዲስ አበባ ሹራቤን እንደለበስኩ ነበር። ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ጋቢ ተከናንቦ ዳቦ ቤት ምድጃ አጠገብ ይቀመጥ። የሐረሩ ሚኒባስ ውስጥ የመስኮት ወንበር አገኘሁ፤ መስኮቱ ግን አይከፈትም። ረዳቱ፣ ጉንጩ በጫት የተወጠረ ጎልማሳ፣ አዘነልኝ።

«አንቺ! ሹራቡን አውልቂው አቦ፣ ተቀቀልሽ እኮ!»

አዲስ አበባ ቢሆን «ማዘር» ይለኝ ነበር። «አንቺ» መባሌን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ዕድሜ ቅናሽ ተቀበልኩት። ሹራቤንም አወለቅኩ፤ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘና መልሼ ለበስኩት፤ ረዳቱም እንደገና ሳቀብኝ።

አወዳይ ላይ ቆምን። አወዳይ ማለት መርካቶ ውስጥ ያለው ነጋዴ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ ቢሸጥ ነው። ግማሹ ተሳፋሪ ወረደ፣ ሻንጣም ከጣሪያ ላይ ወረደ፣ ጩኸት ሆነ። ሐረር ደርሼ የተረከብኩት ጥቁር ሻንጣ የእኔ አለመሆኑን ያወቅኩት ማታ እሌኒ ቤት ስከፍተው ነው። ውስጡ የሕፃን ልብስ፣ በፌስታል የታሰረ ሃልዋና የአንድ ሰው ደረት ራጅ ነበረበት።

እሌኒ ራጁን ወደ አምፖሉ አንስታ አየችው። «ሳንባው ደህና ነው» አለች። «ያንቺ ሻንጣ ውስጥስ ምን ነበር?»

«መጻሕፍት። ማጉያ መነጽሬ። ለነስረዲን የማነብለት ማስታወሻ።»

«ልብስስ?»

«ትንሽ።»

የእሌኒ ቤት ከሸዋ በር ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ነው። አዲስ አበባ እንግዳን «ምን ልጋብዝህ?» ይሉታል፣ እንግዳውም «ምንም» ይላል፣ ሁለቱም ተገላገሉ። እዚህ አይጠየቅም፤ ይቀርባል። ከእራት በኋላ እጄን ልታጠብ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ሳል ብቻ አወጣ። በዚህስ ሐረርና አዲስ አበባ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ዓርብ

የእሌኒን ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ። እሌኒ በሁሉም አቅጣጫ ትበልጠኛለች፤ ስለዚህ ቀሚሱ እኔ ከቆምኩ በኋላም ትንሽ መራመዱን ይቀጥላል። በሸዋ በር ወደ ጀጎል ገባን። አንዳንዱ መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። አዲስ አበባ የተጋፋህን ሰው ዞረህ አታየውም፤ እዚህ ግን ግድግዳው ራሱ ሰላም በለው ብሎ ያስገድድሃል። ቤቱ እስክንደርስ ከግማሽ ሰፈር ጋር ተዋወቅኩ።

የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ወንበር የለውም። በቀይ አፈር የተቀቡ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ነደባ ይሏቸዋል። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በሰሐንና በሰፌድ ተሸፍኗል። ጫማዬን አውልቄ ሰፊውና ከበሩ ትይዩ ያለው መደብ ላይ ወጥቼ ተመቻቸሁ። አይ ፋጡማ ከጓዳ ሲወጡ አዩኝና በሳቅ ሆዳቸውን ያዙ።

«ሱብሓነላህ! አሚሯ መጣች!»

የተቀመጥኩት የአሚር መደብ በሚሉት፣ የቤቱ ጌታ ቦታ ላይ ነበር። በድንጋጤ ልወርድ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «ተቀመጪ፤ አሚር አንዴ ከወረደ አይከበርም።» ከዚያ ወዲያ እስከምሄድ ድረስ ስሜ አሚሯ ሆነ።

ሆጃ ቀረበልን፤ የቡና ቅጠል ከወተት ጋር የፈላ ነው፣ ጨውም አለበት። እሌኒ ፆመኛ ስለሆነች የእሷ ያለ ወተት መጣላት። ማንም «ፆም ነው ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። ዓርብ መሆኑን ከእሷ እኩል ያውቃሉ።

ነስረዲን አዲስ አበባ ፋርማሲስት ነው። ለሰርጉ ነው የመጣው። ቃላትን እንደ መድኃኒት በልክ ነው የሚሰጠው። «እንደምን ዋሉ፣ እርስዎን በማግኘቴ ደስ ብሎኛል» አለኝ፤ አዲስ አበባ እንዳበላሸችው በዚህ አወቅኩ። ከኪሱ ሣጥኗን አወጣ። ከክብሪት ሣጥን ትንሽ የምትበልጥ፣ እንደ መስታወት የጠራች። ጥንታዊ ሳንቲም ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፣ እሱም ሕግ አክባሪ ነው፤ ስለዚህ ደረጃ የሰጣትና ያሸጋት አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰብሳቢ ነው። ወረቀቱ «አክሱም፤ ከክርስትና በፊት፤ ብር፣ ወርቅ ልባጥ። ሁኔታ፦ ደካማ፤ የተፈተገ» ይላል።

ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃ አለች። አይ ፋጡማ ስለ ጨረቃዋ ሳንቲሟ የእስላም ናት ይላሉ። እሌኒ የአክሱም ንጉሥ ነውና የክርስቲያን ናት ትላለች። ወረቀቱ ሁለቱንም ያስተባብላል፤ ሁለቱም ግን የሚጣሉበትን ነገር እንዳያሳጣቸው ያንን መስመር አልፈው ነው የሚያነቡት። አይ ፋጡማን ያንገበገባቸው የመጨረሻዋ ቃል ናት።

«‹የተፈተገ› ብሎ ጻፈብን! እንደ ነውር! ከእናቴ ጀምሮ እጃችን እስኪላጥ ነው ያጠብናት። ነውሩ አለማጠብ ነው እንጂ ማጠብ ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ?»

ልማዱን እሌኒ አስረዳችኝ። በሰርጉ ዋዜማ ሴቶች ተሰብስበው ሳንቲሟን በሎሚና በደቃቅ አመድ ይፈትጓታል። በማግስቱ የሙሽራው እናት ሰው ሁሉ እያየ ተቀብላ በነጭ ነጠላዋ ታሻታለች። ነጠላው ላይ ጥቁር ምልክት ከታየ የሙሽሪት ቤት ስም አበቃለት። አንድ ቤት አለ፣ ሴት አያቶቹ አንዴ ችላ ብለው፣ የልጅ ልጆቹ እስከ ዛሬ «ነጠላ አጥቋሪዎቹ» እየተባሉ ይጠራሉ።

ማስታወሻዬ የት እንዳለ አላህ ነበር የሚያውቀው፤ ስለዚህ ጽሑፌን በቃሌ አወረድኩት። ስለ እጅ ሙቀት፣ ስለ ሬሳ ሣጥን፣ ዕቃ ስለሚኖረው ዕድሜ ተናገርኩ። አይ ፋጡማ በየመሐሉ «ሰማህ?» ይሉታል። ነስረዲን ጨርሼ ዝም እስክል ጠበቀ። ከዚያ የእህቱን የሰርግ ፎቶግራፍና የራሱን ማጉያ መነጽር አምጥቶ ሰጠኝ።

ፎቶው የድሮ አይደለም፤ በቀለም ነው። ሳንቲሟ እህትየው ግንባር ላይ አለች። በመነጽሩ ሳይ ንጉሡ ዓይን አለው፣ አፍንጫ አለው፣ ወርቁም ራሱን ዙሪያውን ከቦታል። ከዚያ ሣጥኗን አየሁ። ፊት የለም። በፊት ቦታ እንደ ተጠባ ከረሜላ ያለ ጉብታ አለ። ወርቁ ከማጅራቱ ኋላ ክር አክሎ ቀርቷል።

«በእህቴ ሰርግ አፍንጫ ነበረው» አለ ነስረዲን።

«ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰርግ ተደረገ?»

«አፎቻው ትልቅ ነው።»

ሳንቲም በእጅ ሲዞር ኖረ ብዬ የጻፍኩት ውሸት ባይሆንም፣ ይህችን የበላት እጅ አልነበረም። ሎሚ ነው የበላት፤ የጨመቀውም ፍቅር ነው።

ወደ ግቢው ስንወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴን ‹አትጠቢያት› ልበላት? ወላሂ አልችልም። ተናግሬ ከማስቀይማት ፕላስቲኩ እምቢ ይበልልኝ ብዬ ነው።»

በዚያ ሁሉ ገጽ ስሳለቅ ይህን አላሰብኩትም። ሰዎች የሚያሽጉት ለዋጋ ወይም ለኩራት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አፍ አውጥቶ እምቢ ማለት ለማይሆንለት ሰው እምቢ የሚልለት ዕቃ መሆኑ አልታየኝም። የመጣሁት ለእናትየው ልመሰክር ነው፤ አሁን ልቤ ከልጁ ጋር ነው፤ ሆጃውን የጠጣሁት ግን ከእናትየው ነው።

ማታ የእሌኒ ቤት በር ተንኳኳ። የሚኒባሱ ረዳት ሻንጣዬን ተሸክሞ ቆሟል። ባለ ራጁን ሰውዬ አወዳይ ድረስ ሄዶ ፈልጎት፣ የእኔን ተቀብሎ፣ የእሱን ሊወስድለት መጥቷል። እራት አቀረብንለት፣ አልቀመጥም አለ።

«አንቺ፣ መጽሐፍ ነው እንዴ የምትለብሺው? ወገቤን እኮ ነው የቆረጥሽው!»

ቅዳሜ

የማጠቢያው ቀን። ቤቱ በአክስቶች ተሞልቷል። ሰሚራ ጥግ ላይ እጆቿን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሂና ስለተቀባች ምንም መንካት አትችልም። አይ ፋጡማ መሐል አስቀመጡኝና «አሚሯ ትናገር» አሉ። ነስረዲን በሩ ላይ ቆሟል።

ሁለት ወገንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀየም ችሎታ ይጠይቃል። ችሎታው አለኝ። «ፕላስቲኩ ይሰበር፤ ሳንቲሟ ግን አትታጠብ» አልኩ።

ከዚያ አንዲት አክስት፣ «ያልታጠበ ነገር ሙሽራ ላይ? አንቺ ባልታጠበ ሰሐን ትበያለሽ?» አለች።

«አዲስ አበባ ውሃ የለም ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለች ሌላዋ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ካልታጠበች ነጠላ ታጠቁራለች፤ አላወጣትም» አሉ አይ ፋጡማ። አልሳቁም።

«ከተሰበረች ትታጠባለች፤ አልሰብራትም» አለ ነስረዲን።

ሰሚራ ከጥጓ ተናገረች። «ከዚህ ቤት ያለሷ የወጣች ሙሽራ የለችም። የመጀመሪያዋ እኔ ልሁን?» እንባዋ ወረደ። እንባዋን መጥረግ አልቻለችም፣ እጇ ሂና ነው። አንዷ አክስት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

አይ ፋጡማ ልጅቷን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ነስረዲን ዘረጉ። «አምጣት።»

እያመነታ ሰጣቸው። ሣጥኗን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ አሰቡ። የሙቀጫ ዘነዘና አጠገባቸው ነበር፤ ሁላችንም እሱን እያየን ነበር። እሳቸው ግን «ሎሚ» አሉ። ሎሚ ተቆርጦ መጣላቸው። አመዱን ዘገን አድርገው ሣጥኗን፣ ከነክዳኗ፣ ከነወረቀቷ፣ መፈተግ ጀመሩ።

«ኧረ እሱ ፕላስቲክ ነው!» አለ ነስረዲን።

«ታዲያስ?»

«ይጫጫራል!»

«ይጫጫር። ሳንቲሟን አትንኪ አልከኝ፣ አልነካሁም። ይህ ደግሞ ልብሷ ነው፤ የሙሽራ ልብስ ሳይታጠብ አይወጣም።»

አክስቶቹ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ፈተጓት። እኔም ተራ ደረሰኝ፤ አመዱ ይሻክራል፣ ሎሚው የተላጠ ጣትን ያቃጥላል። ስንጨርስ ያ እንደ መስታወት የጠራው ሣጥን እንደ ታመመ ዓይን ነጭ ደመና ለብሷል። ሳንቲሟ እንደ ጥላ ትታያለች። ከወረቀቱ ላይ ከሁሉ በፊት የጠፋችው «የተፈተገ» የምትለዋ ቃል ነበረች።

እሑድ

ለክርስቲያን እንግዶች የተለየ በግ ታርዶ የተለየ ማዕድ ተሰናድቷል፤ አዛዧ እሌኒ ናት። አዲስ አበባም ይህ ልማድ አለ፤ እዚያ ግን ሰው የራሱን ማዕድ ፈልጎ ነው የሚያገኘው። እዚህ የሙሽራው አጎት እጄን ይዞ አስቀመጠኝ፣ ጥግብ እስክል ድረስም ከአጠገቤ አልተነሳም።

ሣጥኗ ለግንባር ከበደች፤ በብር ሽቦ ተጠምጥማ ለደረት የሚሆን ሰንሰለት ተደርጎላታል። የሙሽራው እናት ሲገቡ ከበሮው ቆመ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አይ ፋጡማ ሣጥኗን በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። ሴትየዋ ወደ ሣጥኗ አዩ፣ ወደ አይ ፋጡማ አዩ። ነጠላቸውን ዘርግተው ቀስ ብለው አሻሹ። ገልብጠው በሌላ በኩልም አሻሹ። ፕላስቲክ ጥቁር እንደማይለቅ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

«ማን ነው ያጠበው?»

«እኔ» አሉ አይ ፋጡማ።

ሴትየዋ ሣጥኗን ጆሯቸው አጠገብ አስጠግተው ነቅነቅ አደረጉ። ሳንቲሟ በውስጧ ቀጨል አለች።

«ውስጡ አለች» አሉና ፈገግ አሉ። «ንጹህ ነው። እጅሽ ይባረክ።» ሰሚራ አንገት ላይ አሰሩላት። እልልታው ከዚያ ወዲያ አላቆመም፤ ከበሮውና በጠፍጣፋ እንጨቶች የሚደረገው ጭብጨባም እንደዚያው።

ነስረዲን አጠገቤ ተቀምጦ የሙሽራዋን ደረት በጭንቀት ይከታተላል። እሷ በተወዛወዘች ቁጥር ሳንቲሟ ፕላስቲኩን ትመታለች።

«ጠርዟ እየተነካ ነው» አለኝ።

«ፋርማሲስት አይደለህም እንዴ? ጥጥ አታደርግባትም ነበር?»

«ለሚቀጥለው ሰርግ» አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ሰኞ

የመልሱ መንገድ እንደ መሄጃው ነበር፤ ሹራቤን ብቻ በትክክለኛው ቦታ አወለቅኩ። ሚኒባሱ ከመነሳቱ በፊት አይ ፋጡማን ልሰናበት ጀጎል ገባሁ። ሣጥኗ ከሰርግ ተመልሳ ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት መሰል ቦታዋ፣ በሰሐኖቹ መሐል ተቀምጣለች። ነስረዲን ለየሰርጉ አዲስ ማሸጊያ ሊያመጣ ተስማምቷል፤ እናቱም ያመጣውን ሁሉ ሊፈትጉት።

ሣጥኗን አንስቼ ወደ ብርሃን ያዝኳት። ጨረቃዋም ንጉሡም የሉም። አመድ የመሰለ ብርሃን ብቻ።

«እማማ፣ አሁን እኮ አትታይም» አልኳቸው። ክርክር ሳላነሳ መሄድ አልችልበትም።

አይ ፋጡማ የጉዞ ስንቅ ብለው ሎሚ ሻንጣዬ ውስጥ፣ በመጻሕፍቱ መሐል፣ እየሰገሰጉ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ማን ሊያያት ነው፣ አሚሯ?» አሉ። «ሰው የሚያየው ሙሽራዋን ነው።»